ወባው ከጅማ፣ ተቅማጡ ከጓንዡ

«የጅማ ሰው ነኝ፤ አነስተኛ የእሸት ቡና ማጠቢያ አለኝ። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ለማሽን ግዢ ወደ ቻይና፣ ጓንዡ ሄጄ ነበር። ሻጮቹ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ማታ ማታ ይጋብዙኛል። እንቢ ማለት አፍሬ የቀረበውን ሁሉ በላሁ። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘኝ፤ ፍላጂል ብውጥም አልተወኝም። በዘጠነኛው ቀን ብርድ ብርድ ብሎኝ አተኮሰኝ። እዚያው ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ጉንፋን ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። ጅማ ተመልሼ ስመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ከቻይና ይዤው የመጣሁ ይመስለኛል። ዘንድሮም በጥቅምት ከሸሪኬ ጋር ለ12 ቀን ልንሄድ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እሱ ኦርቶዶክስ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ጨጓራም አለብኝ። ምን መድኃኒት ይዘን እንሂድ? ምን እንብላ? ሰዎቹንስ ሳናስቀይም እንዴት እንቢ እንበል?»

ከሂርማታ፣ ጅማ

ከሁሉ በፊት ስለ ወባው እንነጋገር። በዚያ ጉዞ ሕይወትዎን ሊያሳጣዎት ይችል የነበረው እሱ እንጂ ተቅማጡ አልነበረም።

ወባውን ከጓንዡ አላመጡትም፤ ይዘውት ሄደው ነው የተመለሱት። የዓለም ጤና ድርጅት ቻይናን ከወባ ነጻ የሆነች አገር ብሎ ያወጀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ትንኟ ከነደፈች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ወር ድረስ ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። በዘጠነኛው ቀን ካተኮሰዎት የተነደፉት ገና ሻንጣዎን ሳያዘጋጁ ነው። በእርስዎ ሥራ ይህ የሚጠበቅ ነው። ማጠቢያው ያለው ወንዝ ዳር ነው፤ እሸት የሚረከቡት ገበሬው ለቅሞ ሲጨርስ፣ አመሻሽ ላይ ነው፤ መፈልፈሉም ሌሊቱን ይቀጥላል። የወባ ትንኝም የምትወጣው በዚያው ሰዓት ነው። ጥቅምት ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ፣ ያቆረው ውኃ ሳይደርቅ ወባ የሚበረታበት ወር ነው። የሚያድሩት ከተማ ውስጥ መሆኑ አያዘናጋዎት፤ የሚያመሹበት ቦታ ነው የሚቆጠረው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝዎም ከዚህኛው ወባ አያድንዎትም፤ ሁለቱ የማይገናኙ በሽታዎች ናቸው።

ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ማጠቢያው ላይ ሲያመሹ እጅጌው የረዘመ ልብስ ይልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ይቀቡ፣ ሲተኙም በአጎበር ይሁን። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለ ተመርምረው ታክመው ይሂዱ። ምንም ሳይሰማዎት ተመርምረው ነጻ ነዎት መባል ግን ዋስትና አይሆንም፤ የወባው ጥገኛ ተሕዋስ ገና ጉበት ውስጥ ካለ ደም ላይ አይታይም።

አንድ ነገር ያጣሩ። ያለፈው ዓመት የምርመራ ወረቀትዎ ቤት ካለ ያውጡትና የተገኘው ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ የሚለውን ይዩ። ቫይቫክስ ከሆነ ከደም ቢጠፋም ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ነው፤ የተለመደው አወሳሰድ በየቀኑ ለ14 ቀን ነው። ብዙ ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ያቆመዋል፤ የሚያገረሸው ለዚህ ነው። ያቋረጡት ከሆነ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ይንገሯቸው። በገዛ እጅ ግን አይጀመርም፤ ጂሲክስፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ሲወስደው ቀይ የደም ሕዋሱ ሊፈርስ ይችላል።

ጓንዡ ላይ ትኩሳት ከጀመረዎት ቀን አይቁጠሩ። እዚያ ያለ ሐኪም ትኩሳት ያለበትን ሰው ሲያይ ቀድሞ የሚያስበው ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ ነው። ባለፈው ጉንፋን የተባሉትም ማንም ወባ ብሎ ስላላሰበ ይሆናል። ከወባ አገር የመጣ ሰው መሆንዎን ካልነገሩት ሐኪሙ በምን ያውቃል? ይህን ከዚሁ በቻይንኛ አስጽፈው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ለሸሪክዎም ይላኩለት፦ «የመጣሁት ኢትዮጵያ ውስጥ ወባ ካለበት አካባቢ ነው። እባክዎ አሁኑኑ የወባ የደም ምርመራ ይደረግልኝ።» በትርጉም መተግበሪያ ከሠሩት መልሰው ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው ያረጋግጡት። የመጀመሪያው ምርመራ ነጻ ቢልም ትኩሳቱ ካልቆመ በየ12 እስከ 24 ሰዓቱ ይደገም፤ ሦስት ጊዜ ታይቶ ካልተገኘ ነው ሌላ ነገር የሚፈለገው። ፋልሲፓረም ሳይታከም ከቆየ በአንድ ቀን ውስጥ ሊከፋ ይችላል።

ወባ በሌለበት ከተማ መድኃኒቱም በየፋርማሲው አይገኝም። የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒንን ከዕፅዋት ያወጣችው ቱ ዮዮ ቻይናዊት ናት፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። መድኃኒቱ የእነሱ ሆኖ በሽታውን ከነሱ ይልቅ እኛ እናውቀዋለን። ከጅማ በሐኪም ማዘዣ አንድ ሙሉ ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት (ለአዋቂ 24 ፍሬ) ይዞ መሄድ ተገቢ ነው። አወሳሰዱ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ ሆኖ ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ ወደ ደም አይገባም። የሚጀመረው ግን ምርመራው ወባ ካለ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ተቅማጡ። ፍላጂል ያልሠራው መድኃኒቱ ስለማይረባ አይደለም፤ የተወሰደው ለሌላ በሽታ ስለሆነ ነው። ፍላጂል ለአሜባና ለጃርዲያ ነው። መንገደኛን የሚይዘው ተቅማጥ በአብዛኛው ከባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ኢ. ኮላይ ቀዳሚው ነው፣ እስያ ውስጥ ካምፒሎባክተርም ብዙ ነው። እነዚህን ፍላጂል አይነካቸውም። በዚያ ላይ አፍን መራራ ያደርጋል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሸሪክዎ ደግሞ ፍላጂል ውጦ መጠጥ ቢቀምስ ሊያስታውከውና ልቡን ሊያስመታው ይችላል።

ብዙው የመንገደኛ ተቅማጥ በሦስት በአራት ቀን በራሱ ይቆማል። ሰውን የሚጥለው የሚወጣው ፈሳሽና ጨው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያዘው ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ነው፤ ለሁለት ሰው 10 ፓኬት ይበቃል። ስህተቱ የሚፈጠረው አበጣበጡ ላይ ነው። አገራችን የሚገኘው ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ውኃ ነው፤ ቻይና ሆቴል ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ትንሽ ጠርሙስ ግን ብዙ ጊዜ 500 ወይም 550 ሚሊ ሊትር ነው። አንዱን ፓኬት አንዱ ጠርሙስ ውስጥ የጨመረ ሰው እጥፍ ጨው ጠጣ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ጥማቱንም ተቅማጡንም ያባብሰዋል። ለአንድ ፓኬት ሁለት ጠርሙስ ያድርጉ። ግማሹን ፓኬት በዓይን ገምቶ መክፈል አይሁን። ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ አንድ ብርጭቆ ይጠጡ፤ ካስታወከዎት 10 ደቂቃ ጠብቀው በማንኪያ በማንኪያ ይቀጥሉ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ፓኬት ካለቀ በ1 ሊትር የፈላ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ተቆልሎ ሳይሆን ለጥ ብሎ።

ተቅማጥ የሚያስቆመው ሎፔራማይድ (ባለ 2 ሚሊግራሙ) ስብሰባ ወይም በረራ ላለበት ቀን ብቻ ነው፤ መጀመሪያ 2 ፍሬ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ 1 ፍሬ፣ በቀን ከ4 ፍሬ አይበልጥም። ሰገራው ደም ካለው ወይም ካተኮሰዎት አይነካም፤ መውጣት ያለበትን ነገር አንጀት ውስጥ ይዘጋበታል። አንቲባዮቲክ ካስፈለገ ለእስያ የሚመረጠው አዚትሮማይሲን ነው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንን እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ተላምደውታል። አወሳሰዱ በቀን 500 ሚሊግራም ለ3 ቀን ሲሆን፣ እሱም ለበረታ ተቅማጥ፣ ለትኩሳት ወይም ለደም ብቻ ነው። ከጅማ ሲነሱ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክረው፣ ልብዎንና የሚወስዷቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ተናግረው ይያዙት። አዚትሮማይሲንም ኮአርተምም የልብ ምትን ሊያዛቡ ስለሚችሉ ሁለቱ በገዛ እጅ አይደራረቡም። ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከ38.5 ካለፈ፣ ለ8 ሰዓት ሽንት ካልመጣ፣ ወይም ሳይሻል ሦስት ቀን ከሞላው መንገዱ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ለታመመ ሆድ የሚስማማው ምግብ እዚያው በየማዕዘኑ አለ፤ «ባይ ጆው» ይሉታል፤ ሩዝ ብዙ ውኃ ውስጥ ተፈትቶ እስኪቀጥን የተቀቀለ ነው፣ እንደ አጥሚት ይጠጣል። ነጩን ይዘዙ፤ ሌላው ሥጋ ሊገባበት ይችላል።

ለጨጓራዎ ኦሜፕራዞል በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነ ተቅማጡ ከሌላው ሰው ቀድሞ የያዘዎት በእሱም ሊሆን ይችላል። የጨጓራ አሲድ ከምግብ ጋር የገባውን ባክቴሪያ የሚገድል ነው፤ መድኃኒቱ አሲዱን ሲቀንሰው በሩ ይከፈታል። አያቋርጡት፤ ቁርስ ከመብላትዎ 30 ደቂቃ በፊት ይውሰዱትና ጥሬ ነገር ላይ ከሸሪክዎ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ለራስ ምታት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይቅሩብዎ፤ ፓራሲታሞል ይያዙ።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት ከበሽታም ከአየር ጸባይም ላይሆን ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ በቀን ሁለቴ ሦስቴ የሚጠጣ የጅማ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱ ይፈልጠዋል፤ በሁለተኛው ቀን ይብስበታል። ጠዋትና ከምሳ በኋላ ቡና ወይም ጠንከር ያለ ሻይ ከጠጡ ይለቅዎታል። ሰዓቱም ያናውጣል፤ ጓንዡ ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቁርስ ሲቀርብ ሆድዎ የሚያውቀው የጅማን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስላልበሉ ታመምኩ አይበሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይስጡት።

ዋናው ጉዳይ ማዕዱ ነው። ባለፈው የጎዳዎት ይሉኝታ ይመስለናል፤ ሰዎቹ አስገድደው አላበሉዎትም። የቻይና ጋባዥ እንደኛ ሰው ነው። እንግዳ «በቃኝ» ሲል ጨዋነት ነው ብሎ ይደግምለታል፤ ሳህኑ ባዶ ሲሆን አልጠገበም ብሎ ይጨምራል፤ ከሁሉ ጥሩውን ቁራጭ በራሱ እጅ እንግዳው ሳህን ላይ ያኖራል። በሞቴ ተብሎ የሚጎረስበት አገር ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም። ስለዚህ ማዕድ ላይ ተቀምጦ «አልበላም» ማለት ያስቀይማል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የተነገረ ግን ማንንም አያስቀይም። ጋባዡን የሚያሳፍረው ያዘዘው ምግብ ሳይነካ መቅረቱ ነው፤ አስቀድሞ ካወቀ ግን የሚሆነውን ፈልጎ በማብላቱ ይኮራል።

ቀጠሮ ሲይዙ ለሻጩ እንዲህ ብለው በጽሑፍ ይላኩ፦ «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ስብ፣ መጠጥና የማብሰያ ወይን የገባበትን አልበላም። ሸሪኬም አሳማ አይበላም፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት አይበላም። ሌላ ቀን ሁለታችንም ዓሣና አትክልት ደስ ብሎን እንበላለን።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር። የማይበሉትን ብቻ የዘረዘረ እንግዳ ጋባዡን ጭንቅ ውስጥ ይከታል፤ የሚበሉትን ከነገሩት ያርፋል።

ዓሣና አትክልት ያልነው በምክንያት ነው። ጅማ ሠርግ ላይ የክርስቲያንና የሙስሊም ማዕድ ለየብቻ እንደሚሰናዳ ያውቃሉ። ሸሪክዎ በባህሉ የሙስሊም እርድ ካልበላ ሐላል ቤት ወስደውት ጦሙን ሊያድር ነው። ሁለታችሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኘው ዓሣ ነው፤ ጓንዡ ደግሞ የዓሣ አገር ናት። በዝንጅብልና በቀይ ሽንኩርት ቅጠል በእንፋሎት የሚበስል ሙሉ ዓሣ የከተማዋ ሰዎች የሚኮሩበት ምግብ ነው፤ ሲያዙ የሩዝ ወይን እንዳይጨመርበት ያስነግሩ።

ሐላልን እዚያ «ቺንግ ጀን» ይሉታል። በአፍ ብቻ አይጠይቁ፤ በእንፋሎት የበሰለ የሚለው ቃል «ቺንግ ጀንግ» ስለሆነ አስተናጋጁ እሺ ብሎ በእንፋሎት የበሰለ የአሳማ ጎድን ሊያመጣ ይችላል። በቻይንኛ የተጻፈውን ያሳዩ፤ ምግብ ቤቱም በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ያመሳክሩ። በእጅ የሚጎተት ኑድል የሚሠሩት የላንዡ ቤቶችና የሺንጂያንግ ጥብስ ቤቶች (ሁለቱም የሰሜን ምዕራብ ቻይና ቦታዎች ናቸው) አብዛኞቹ የሙስሊም ናቸው። አፍሪካውያንና ዓረብ ነጋዴዎች የሚበዙበት ሺያኦቤይ ሰፈር ውስጥ በየደረጃው አሉ። በጥቅምት ታላቁ የካንቶን የንግድ ትርዒት ስላለ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ይጨናነቃል፤ አስቀድመው ይያዙ።

አሳማው የሚያመልጥዎት ሥጋው ላይ አይደለም። ጓንዡ ውስጥ ከምግብ በፊት የሚቀርበው ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ ሾርባ ብዙውን ጊዜ የአሳማ አጥንት ነው፤ ጎመኑ በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል፤ የጠዋቱ በእንፋሎት የበሰሉ ጥቅልሎች ውስጥ ሽሪምፕ ያለው እንኳ የአሳማ ስብ ይጨመርበታል። ሸሪክዎም በጾም ቀን «አትክልት» ብሎ ብቻ አይዘዝ። ቶፉው (የአኩሪ አተር አይብ) ላይ የተፈጨ ሥጋ ይነሰነሳል፣ ባዝንጃኑም እንደዚሁ፤ ጎመኑ ላይ ኦይስተር ከሚባል የባሕር እንስሳ የሚሠራ መረቅ ይፈስበታል፤ የተጠበሰው ሩዝ እንቁላል አለበት። ነጭ ሩዝ፣ በነጭ ሽንኩርትና በአትክልት ዘይት የተጠበሰ ጎመን፣ ቀጭን ተከትፎ የተጠበሰ ድንች፣ ሥጋ የሌለው ቶፉ ብሎ ለይቶ ይዘዝ። የቡድሂስት ቤተ መቅደሶች አጠገብ የጾም ምግብ ቤቶች ይገኛሉ፤ እዚያ ሥጋ የሚመስለው ሁሉ ከአኩሪ አተር የተሠራ ነው፤ እንቁላልና ወተት መኖሩን ግን ይጠይቅ። የእነሱ ምሳ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ ወይም የጽጌን ጾም የያዘ እንደሆነ (ጥቅምቱን ሙሉ ስለሚሸፍን) ከመነሳቱ በፊት የንስሐ አባቱን ያነጋግር።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ነዎት እንበል። የክብር እንግዳ የሚቀመጠው በሩን ፊት ለፊት የሚያይበት ቦታ ነው፤ ቦታውን እስኪያሳዩዎት ይጠብቁ። ጓንዡ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ትኩስ ሻይ ወይም ውኃ ብዙ ጊዜ የሚጠጣ አይደለም። ሰዎቹ ጽዋቸውን፣ ሳህናቸውንና ቾፕስቲካቸውን ያጥቡበትና መሐል ላይ ወዳለው ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይደፉታል። እርስዎም ያድርጉት፤ ማንም ንቀት አይለውም። ሻይ ሲቀዳልዎት የጠቋሚና የመሐል ጣትዎን አጥፈው ጠረጴዛውን ሁለቴ ሦስቴ መታ መታ ያድርጉ፤ ምስጋና ነው። የማይበሉት ነገር ሳህንዎ ላይ ከተቀመጠ ገሸሽ አድርገው ይተዉት፤ መመለስም ማሳበብም አያስፈልግም። ሳህን ላይ ጥቂት እስካለ ድረስ አይጨመርም፤ ስለዚህ ቀስ ብለው ይብሉ፣ አይጨርሱ። ምግቡ አሥርና ከዚያ በላይ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሦስት አይጥገቡ፤ ሩዝና ኑድል መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

«ጋንቤይ» ሲባል ጽዋው እስከ ታች ይጨለጣል። ባይጁ የሚባለው መጠጣቸው ብዙ ጊዜ ከ50 በመቶ በላይ አልኮል አለው። እርስዎ ሻይዎን አንስተው «ይ ቻ ዳይ ጁ» ይበሉ፤ በመጠጥ ፈንታ በሻይ ማለት ነው፤ የታወቀ ልማድ ነው። ሲያጋጩ የጽዋዎን አፍ ከታላቅዎ ጽዋ ዝቅ ያድርጉ፤ ይህን ካደረጉ ሻይ መሆኑን የሚያነሳው የለም። ሸሪክዎ የሚጠጣ ከሆነ ከመጀመሪያው ዙር ይወስን፤ አንዴ ጨልጦ ሁለተኛውን እንቢ ማለት ከሁሉ የሚከብደው ነው።

ስሙ ምንም ይሁን የማይቀመሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የጓንዶንግ (ጓንዡ ያለችበት ክፍለ ሀገር) ሰዎች የሚወዱት የወንዝ ዓሣ በጥሬው ተቆርጦ የሚቀርበው ነው፤ የጉበት ትል ያስይዛል፣ ኮምጣጤውም ባይጁውም አይገድለውም። ሌላው አጥንቱ አጠገብ ገና ቀይ የሆነው ነጭ ቅቅል ዶሮ ነው፤ እነሱ ለስላሳ እንዲሆን ብለው ነው፤ የካምፒሎባክተር መግቢያው ግን ያው ነው። የቧንቧ ውኃ ማንም አይጠጣም፤ ጥርስም በፈላ ወይም በታሸገ ውኃ ይታጠቡ። ትኩስ ውኃ እዚያ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም፤ የትም ቢጠይቁ ይሰጥዎታል።

ከመጨረሻዎቹ ምሽቶች አንዱን ለራስዎ ይያዙትና እርስዎ ይጋብዟቸው። የተጋበዘ መልሶ መጋበዙ ልማዳቸው ነው፤ ጋባዥ ሲሆኑ ቤቱን የሚመርጡት፣ የሚያዙትም እርስዎ ነዎት። ሒሳብ ላይ እንደኛው ትንቅንቅ ስለሚነሳ ቀደም ብለው ተነስተው ይክፈሉ።

ሻንጣውን በተመለከተ፦ ጫት በቻይና ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት አደንዛዥ ነገር ነው። እርጥቡም ደረቁም፣ ለራስ ነው ማለትም አያድንም። የጃኬት ኪስና የሻንጣ ጥግ ይፈትሹ፤ የሰው ዕቃ አድርሱልን ካሉዎትም ከፍተው ሳያዩ አይውሰዱ። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸውን ማስታገሻዎች ከቤት ይተዉ። ሌላው መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ ከማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ በፌስታል የተቋጠረ ፍሬ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያመጣል። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ ዓይብ፣ ጥሬ ፍራፍሬና ዘር አይገባም። ለስጦታ የተቆላ ቡና በታሸገ ከረጢት ይያዙ፣ በሁለት እጅ ይስጡ፤ ፊትዎ ካልከፈቱት አይክፋዎት። ሰዓት ግን ለማንም አይስጡ፤ ከሞት ጋር ያያይዙታል። አውሮፕላን ላይ የሚበላውን ቲኬት ሲቆርጡ፣ ቢዘገይ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ይዘዙ።

ሐኪም ቤት መሄድ ካስፈለገ አሠራሩ ይህን ይመስላል፤ መጀመሪያ መስኮት ላይ ተመዝግበው ይከፍላሉ፣ ሐኪም ያያሉ፣ ለምርመራው እንደገና ይከፍላሉ፣ ውጤት ይዘው ይመለሳሉ፣ ለመድኃኒቱም እንዲሁ። ያተኮሰው ሰው ለብቻ ወደተለየ የትኩሳት ክሊኒክ ይላካል፤ አይደንግጡ። ፓስፖርት በምንም ምክንያት አይቅር። ስልክ ላይ የሚከፈልበትን አሊፔይ ወይም ዊቻት ከአዲስ አበባ ሳይነሱ ከካርድ ጋር ያገናኙ፤ ቢበላሽብዎት ጥሬ ዩዋን ይኑርዎት። አምቡላንስ 120 ነው፤ የሚያነሳው ሰው ቻይንኛ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ እንዲደውል ያድርጉ፣ የሆቴሉንም ካርድ በቻይንኛ የተጻፈውን ሁልጊዜ ኪስዎ ውስጥ ይያዙ። የምርመራ ውጤቱን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንስተው ይመለሱ። ከተመለሱም በኋላ ካተኮሰዎት ጅማ ላይ የሚያይዎት ሐኪም ያንኑ ነው የሚጠይቀው፤ የት ነበሩ፣ ምን ተሰጠዎት፣ ከመቼ ጀምሮ።